እመቤታችን መንታ አልወለደችም

እናቴን የጣት ሌባ አድርጌ ነው የማውቃት። እናቴ መሆኗን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እንዳይነገረኝ ደንብ ወጥቷል፤ ደንቡን ያወጡት ደግሞ በጎ አድራጊዎች ነን ብለው አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ ረጋ ብላ ታወራልናለች ብላችሁ አትጠብቁኝ።

ደሴታችን ከመላው ፊሊፒንስ የሥጋ ደዌ የያዛቸው ሰዎች እየተለቀሙ በመርከብ የሚራገፉባት ነበረች። ሕሙማኑ ታች ባሕሩ ዳር ይኖራሉ። እዚያው ይጋባሉ፣ እዚያው ይወልዳሉ፤ የወለዱትን ግን አያሳድጉም። ሕፃኑ ጡት እንኳ ሳይጠግብ ይወሰድና ኮረብታው አናት ላይ ባለው ማሳደጊያ በመነኮሳት እጅ ያድጋል። በመካከል አጥር አለ፣ በር አለ፣ ዘበኛ አለ። ድስታቸው ለብቻ፣ ጀልባቸው ለብቻ፣ ሳንቲማቸው እንኳ ለብቻ ነበር። እኔ ኢሉሚናዳ የኮረብታው ልጅ ነኝ።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሕሙማኑ ሽቅብ ወጥተው በመስታወት ያዩን ነበር። እኛን ነጭ ቀሚስ አልብሰው ከመስታወቱ ወዲህ ያሰልፉናል፤ እነሱ ወዲያ ይቆማሉ። ማን የማን እንደሆነ ለኛ አይነገረንም። ለምን ነው የሚመጡት ብለን ስንጠይቅ የማሳደጊያው አለቃ ማሜር ክሎቲልድ ሊጸልዩላችሁ ነው ይሉናል። ልጅ ግን ዓይን አለው። የሰዎቹን እጅ እናያለን፤ የአንዳንዱ ጣት አጥሯል፣ የአንዳንዱ ጭራሽ የለም። እርስ በርሳችን ተመካከርንና እውነቱን ደረስንበት አልን። እነዚህ ሰዎች ጣታቸው ስላለቀ ከኛ ላይ ምትክ ሊመርጡ ነው የሚመጡት።

ለኔ የደረሰችኝ ሌባ ረጅም፣ ቅንድብ የሌላት፣ ሰማያዊ ሻሽ የምታስር ሴት ነበረች። ሌሎቹ ያለቅሳሉ፣ መስታወቱን ይስማሉ፣ ስም ይጠራሉ። እሷ ሥራ ላይ ናት። መዳፏን መስታወቱ ላይ ትለጥፍና በዓይኗ እጅሽን ትለኛለች፤ እዘረጋለሁ። በምልክት ገልብጪው ትለኛለች፤ እገለብጣለሁ። እጅጌዬን እስከ ክርኔ ድረስ ታሰበስበኛለች። የገበያ ዓሣ እንደሚመርጥ ሰው አገላብጣ አገላብጣ ታየኝና ስትጨርስ አንዴ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ትሄዳለች። እንግዲህ ጣቶቼን እስካሁን አልወደደችልኝም ብዬ ተመስገን እላለሁ።

አንድ እሑድ እልህ ያዘኝና እጆቼን ጨብጬ ከጀርባዬ ደበቅኩ። አትሄድም። ሌሎቹ ሁሉ ወርደው ዘበኛው በዱላው ጫፍ ትከሻዋን እስኪነካት ድረስ መዳፏን አላነሳችም። ያኔ ማሜር ክሎቲልድ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ እጅሽን አሳዪያት እንጂ ልጄ፣ ምናለበት አሉኝ። አሳየኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሜርም የዚያ ነገር ተካፋይ ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

እውነቱን የነገረኝ ጋሼ ኔሜሲዮ ነው። በዚያ ዘመን የሕሙማኑ ሙዚቃ ጓድ ትሮምቦን ነፊ ነበር። ዘመን ተለውጦ፣ ደሴቲቱ እንደማንኛውም አገር ሰው የሚገባባትና የሚወጣባት ከሆነች በኋላ፣ ፀጉሬ ሸብቶ ስመለስ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በሽታው ሲጀምር ቆዳ ላይ ነጣ ያለ፣ ቢቆነጥጡት የማይሰማ ምልክት ያወጣል። እናቴ ባሲሊሳ በየእሑዱ እጄ ላይ የምትፈልገው ያንን ነበር። ኮረብታውን ስትወርድ ኔሜሲዮ መንገድ ላይ ጠብቆ ዛሬስ ይላታል፤ ንጹሕ ናት ትለዋለች። እህል ባፏ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው አለኝ። ይሄን የሰማሁ ዕለት እዚያው ደጁ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግን አንድ ነበር። ከባሕር ድንጋይ የተሠራ፣ አንድ ጣሪያ፣ አንድ መንበር፣ በመሐሉ የተወጠረ ገመድ። ከገመዱ በስተቀኝ ሐኪሞቹ፣ ጸሐፊዎቹ፣ መነኮሳቱና እኛ ልጆቹ፤ በስተግራ ሕሙማኑ። በኛ አገር የገና ቅዳሴ ሲያበቃ ሕፃኑ ኢየሱስ ይሳማል። ኒኞ የምንለው ከእንጨት የተቀረጸ ሕፃን አለ፤ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እግሩን እየሳመ ያልፋል። የሩዝ ቂጣ ያልበላ ሰው ገናን አክብሯል ሊባል ይችላል፤ ኒኞውን ያልሳመ ግን ምኑን አከበረው?

እኛ ዘንድ ታዲያ ኒኞውም ሁለት ነበር። የጤነኞቹ ኒኞ ጉንጩ ቀይ፣ ቀለሙ የሚያበራ፣ ከማኒላ የመጣ። የሕሙማኑ ኒኞ አሮጌ፣ አፍንጫው የተላጠ፣ የእግሩ ጣቶች ያለቁ። እኔ ያንን አሮጌውን ሳየው ኢየሱስም ታሞ ወደ ታች የተላከ ይመስለኝ ነበር። ምስኪን፣ እሱም እናቱን በመስታወት ነው የሚያያት እል ነበር። በሽታ አልነበረም፤ የመሳም ብዛት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በከንፈራቸው እንጨት ጨርሰዋል። ዛሬ የክርስትናዬን ነገር ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ያኔ ብዙ የሳትኩ አይመስለኝም። ከሰማይ ወርዶ በከብት ግርግም የተኛ አምላክ በገመዱ በየትኛው ወገን እንደሚቀመጥ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

የጤነኞቹን ኒኞ ተሸክሞ የሚያስመው ሁልጊዜ ከማሳደጊያው ልጆች አንዱ ነው። የሚመረጠውም ከደሴቲቱ ሊወጣ የተቃረበ ልጅ ነው። ጥርሳችን መነቃነቅ ሲጀምር በመርከብ ወደ ማኒላ ይወስዱንና ለሌላ ማሳደጊያ ወይም ልጅ ላጣ ሰው ይሰጡናል፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም። ማሜር ክሎቲልድ ዘንድሮ ኢሉሚናዳ ትሸከማለች ሲሉ ሹመት ነበር የመሰለኝ። ጓደኞቼ ላይ ተኩራራሁ፣ ትራስ ታቅፌ መተላለፊያው ላይ ስመላለስ ዋልኩ። ወሬው ታች ሲደርስ ማን እንደምትሸከም ብቻ ሳይሆን ማን እንደምትሄድም ተሰማ።

በዚያው ሰሞን ማሜር ከደሴቲቱ ዋና ሐኪም ጋር መተላለፊያው ላይ ሲነጋገሩ ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። ያንን ሰው አንቱ እያልኩ ነው ያደግኩት፤ ዛሬ አንተ ብለው ምን ይለኛል? ማሜር አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም በጓንት ይላሉ። እሱ ደግሞ ለሷ ከፈቀድኩ ነገ ሁሉም ተሰልፎ ይመጣል ይላል። ማሜር፣ ልጅቷ እኮ ልትሄድ ነው አሉት። እሱም በየሳምንቱ ታያታለች፣ ይበቃታል ብሎ ኮፍያውን አደረገ።

እኔ በልጅ አእምሮዬ የተረዳሁት ባለ ሻሿ ሴትዮ ጣት መምረጧን ጨርሳ ዋጋ መነጋገር ላይ መድረሷን ነው። ማሜር አንድ ይበቃታል እያሉ ሲያማልዱ፣ ሐኪሙ ደግሞ እምቢ ብሎ ጣቴን ሲያስጥልልኝ። እግዜር ይስጠው አልኩት በልቤ። ያንን ሰው አመስግኜው አውቃለሁ፣ ጉድ እኮ ነው። እናቴ ዓይኗን በጨው ታጥባ ቢሮው ድረስ ወጥታ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መርከቡ ሳይመጣ ልጄን አንዴ ልንካት።

የገና ቀን ጠዋት ነው። ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ወለሉን አሙቆታል፤ ከደጅ የተንጠለጠሉት የቀርከሃ ኮከቦች በባሕሩ ነፋስ ይንኮሻኮሻሉ፤ በቀኝ በኩል ሳሙና፣ በግራ በኩል ሕሙማኑ በመርፌ የሚወጉት የመድኃኒት ዘይት ይሸታል። አባ ሳቱርኒኖ በየገናው የሚሰብኩት አንድ ስብከት ነበራቸው፤ እኛ ልጆቹ እንኳ በቃላችን እናውቀዋለን። አምላክ በዙፋኑ ተቀምጦ ሊወደን ይችል ነበር፤ ግን አልበቃውም። ሥጋ ለብሶ ወረደ፣ በሴት ክንድ ታቀፈ፣ ጡት ጠባ፣ ሊዳሰስና ሊሳም መጣ። ይሄን ሲሉ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ክንዳቸውን አጥፈው ወዝወዝ ያደርጋሉ። ገመዱ ከፊታቸው ተወጥሯል። ያን ሁሉ ዓመት የሰበኩትን ራሳቸው የሰሙት አይመስለኝም። የሰማቻቸው እናቴ ናት።

ቅዳሴው ሲያልቅ ኒኞውን አስታቀፉኝና ከገመዱ አጠገብ ቆምኩ። ከባድ ነው። ሁለት እጆቼን ከሥሩ ሰድጄ ጣቶቼን አቆላልፌ ነው የያዝኩት። መጀመሪያ ዋናው ሐኪም ጎንበስ ብሎ ሳመ፤ ማሜር ክሎቲልድ እግሩን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠረግ አደረጉት። ሚስቱ ሳመች፤ ጠረጉት። ጸሐፊው ሳመ፤ ጠረጉት። እንዲህ እያሉ ጤነኞቹ አለቁ።

አሁን እንደ ወጉ በግራ በኩል ሙዚቃው ይጀምርና ሕሙማኑ ተሰልፈው የራሳቸውን ኒኞ መሳም አለባቸው። ሙዚቃው አልጀመረም። ጋሼ ኔሜሲዮ ትሮምቦኑን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጣሪያውን ያያል። አሮጌው ኒኞ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተኝቷል፤ ወደ እሱ የሚሄድ የለም። አንድ ሰው አሳለ። ከዚያ ያቺ ሰማያዊ ሻሽ ብድግ አለች።

ቀጥ ብላ ወደ ገመዱ መጣች። ወደ እኔ! እጄን ልጨብጥ አልኩ፤ አልችልም። ብጨብጥ ኢየሱስ ይወድቃል። ልሩጥ አልኩ፤ ማሜር ከኋላዬ ቆመዋል። ጣቶቼ ሁሉ ከኒኞው ሥር ተቆላልፈው፣ ሌባዬ ደግሞ ከኔ ሁለት እርምጃ።

ዋናው ሐኪም በመካከላችን ገባ።

«ባሲሊሳ፣ ወደ ቦታሽ ተመለሺ። የናንተ ኒኞ ያውልሽ።»

«እመቤታችን መንታ ወልዳለች እንዴ ዶክተር?»

በግራ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ ትንሽ፣ የታፈነ፣ ከዚያ ደግሞ ያልታፈነ። የሐኪሙ ጆሮ ቀላ። እኔም ነገሩ ገረመኝ፤ እስከዚያን ቀን ድረስ መንታ ናቸው ብዬ ነበር የማምነው። ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንዳይሰማበት ይመስል፣ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«በየሳምንቱ ታያታለሽ። በሌላ አገር ያለች እናት ይሄንንም አላገኘች። ምን ጎደለብሽ?»

«ማየት ቢበቃ ኖሮ እግዜርም ከላይ ሆኖ እያየን ይቀር ነበር» አለች። እሷ ድምፅዋን አልቀነሰችም። «ለምን ወረደ?»

ሐኪሙ ወደ አባ ሳቱርኒኖ ዞሮ ይንገሯት እንጂ አላቸው። ሁላችንም የሚሉትን ጠበቅን። አባ ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውንም በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። እኔ የደከማቸው መሰለኝ።

ያኔ ጋሼ ኔሜሲዮ ተነሳ። ጣቱ ስለማይታዘዝለት ገመዱን በክርኑ ሽቅብ ገፋ አደረገና ከመንጠቆው አወለቀው። ገመዱ ወለሉ ላይ ወደቀ። በግራ በኩል የነበረው ሰው ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በምርኩዝ የሚሄደውም በሰው የሚደገፈውም፣ አንድ ላይ ተነሳ። እኛ ልጆቹ ጩኸታችንን ለቀቅነው። መጡብን! ለሁላችንም የሚበቃ ጣት ሊወስዱ መጡ!

ነገሩ ልብስ ማጠቢያው ቦንቧ ዘንድ ሲመከርበት የከረመ ነበር። ባሲሊሳ ብቻዋን ብትሻገር ወህኒ ነው አለኝ ጋሼ ኔሜሲዮ እየሳቀ። ሁላችን ከተሻገርን ግን ለሁላችን የሚሆን ወህኒ ከየት ያመጣሉ? ደግሞ ከመካከላቸው ልጅ ያልተወሰደበት የለም። የራሱን ልጅ መርከብ የወሰደበት ሰው ነው የሷን ልጅ እንድትነካ የተነሳው። ስሙን የማላውቀው ያ ሁሉ ሰው ዘመዴ ነው፤ ማንም ይሄን ሊያስተባብለኝ አይችልም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሁኑኑ ልንገራችሁና ልገላገል። የሙዚቃ ጓዱ መሣሪያ እስከ ፋሲካ ተወረሰ። የጤነኞቹ ኒኞ ተበክሏል ተብሎ ወደ ሕሙማኑ ጠረጴዛ ተጣለ። ስለዚህ በሚቀጥለው ገና ሕሙማኑ ሁለት ኒኞ ሲኖራቸው ጤነኞቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ መሳም የፈለገ መሻገር ነበረበት። ማሜር ክሎቲልድ ተሻገሩ። ጥጣቸውን ሳይዙ ነው የተሻገሩት፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔን ያን ቀን በመድኃኒት ውሃ ቆዳዬ እስኪቃጠል አሹኝ፤ በማግስቱ መርከብ ላይ ጫኑኝ። እናቴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሩዝ የሚያመጣው መርከብ ሲቋረጥ በረሃብ ሞተች። መቃብሯ ባሕሩን የሚያይ ነው፤ ስሟን በቀለም አድሼዋለሁ። እጆቼ ይኸው እስከ ዛሬ ምንም አልነካቸውም። ቢነካቸውም ኖሮ የምናገረው ይሄንኑ ነው።

ይሄን ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። መርከቡ ላይ አልጨርስም፤ መቃብሩ ላይም አልጨርስም። ብዙ ሰው ይሄን ታሪክ እዚያ እንድጨርሰውና አብረን እንድናለቅስ ይፈልጋል። ታሪኩ የኔ ነው፤ የምጨርሰው እኔ ደስ ባለኝ ቦታ ነው።

ከሁሉ ቀድማ እኔ ዘንድ የደረሰችው እሷ ናት። ሐኪሙን እንደ በር መጋረጃ አለፈችው። ሌሎቹ ከኋላዋ ግጥም ብለው ቆሙ፤ ግፊያ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ተራቸውን ነው የሚጠብቁት። ማሜር ክሎቲልድ ከጀርባዬ ትከሻዬን ይዘውኛል፤ ግን ወደ ኋላ አልጎተቱኝም። ሴትዮዋ ተንበረከከች። ፊቷ ከፊቴ እኩል ሆነ። ያለ መስታወት ከቅርብ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ የሻሿ ጠርዝ መሰፋቱ ይታየኛል። ጎንበስ ስትል ዓይኔን ጨፈንኩ። አንዱን ጣቴን እንድትወስድ፣ ሌሎቹን እንድትተውልኝ ለታቀፍኩት ሕፃን ለመንኩት።

የግራ እጄ ጀርባ ላይ ሞቅ ያለ ነገር አረፈ። ቆየ። ዓይኔን ገለጥኩ፤ ጣቶቼ ሁሉም በቦታቸው አሉ። የነካኝ ከንፈሯ ነበር፤ እንባዋም እጄ ላይ ወርዷል። የሌባው ወሬ በአንድ ጊዜ ጠፋልኝና ሌላ ነገር ገባኝ። ይህቺ ሴት ለካ ዓይኗ ደክሟል! ያን ሁሉ ተከራክራ፣ ያን ሁሉ ሰው አስነሥታ፣ ኒኞውን ለመሳም መጥታ፣ የኒኞውን እግር ስታ የኔን እጅ ሳመች። እንዴት እንዳሳዘነችኝ። ሰው እንዳይስቅባት ብዬ ኒኞውን ወደ አፏ ከፍ አደረግኩላት።

«እትዬ፣ ስተዋል» አልኳት ቀስ ብዬ። «ሕፃኑ እዚህ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«አልሳትኩም» አለችና ቀኝ እጄንም ሳመችው።